ጽጌረዳዬን የበላውና ያለ ጥፋቷ የታሰረችው ዶሮ

ንባብ የለመድኩት ከጨው ጥቅልል ነው። የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፊደል ያስቆጥረኝ የጀመረው ታላቅ ወንድሜ «ከ» ላይ ሲደርስ ሰለቸውና ትቶኝ ኳስ ሊጫወት ሄደ፤ እስከ ዛሬም አልተመለሰም። የቀረውን ያስተማሩኝ የሰፈራችን ባለሱቅ ናቸው። እሳቸው ግን ማስተማራቸውን አያውቁም።

ከወሎ የመጡ፣ ጢማቸውን በሂና የሚያቀሉ ደግ ሽማግሌ ነበሩ። ጨውም፣ እርድም፣ ጥቁር አዝሙድም የሚሸጡት በአሮጌ መጽሐፍ ገጽ እየጠቀለሉ ነው። እኔ ቤቴ ስገባ ጨውን ዕቃው ውስጥ እገለብጥና ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣ እጥፋቱን በመዳፌ ዳብሼ ማንበብ እጀምራለሁ። በዚህ ዓይነት ስንት ነገር አወቅሁ! ችግሩ ያወቅሁት ሁሉ ግማሽ መሆኑ ነው። ሰውዬው ወረቀት እንዳያልቅባቸው አንዱን ገጽ ለሁለት ይቀድዱታል። መርከብ እንዴት እንደሚሠራ እስከ ወገቡ ድረስ አውቃለሁ። ኬክ መጋገርም እንቁላሉ እስኪመታ ድረስ አውቃለሁ። አንድ ንጉሥ ደግሞ ታሞ ተኝቶ፣ ልጆቹን ሁሉ አስጠርቶ፣ አፉን ሊከፍት ሲል ገጹ አልቆብኝ ምን እንደተናዘዘ ሳላውቅ አርጅቻለሁ።

ይህን የምነግራችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። በደርግ ጊዜ፣ የመጀመሪያ ልጄን በወለድኩበት ዓመት፣ አንድ ግማሽ ገጽ ከጉድ አውጥቶኛል። ጉዱ ውስጥ ግን የገባሁት ራሴ ነኝ።

የምንኖረው ጉለሌ፣ ከቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ዳገቱ ላይ ባለ የቀበሌ ቤት ነበር። በግቢው ሁለት ቤት አለ፤ አንዱ የእኛ፣ ሌላው የጎረቤቴ፣ በመካከል አጥር የለም። ጎረቤቴ ከጋሞ ደጋ የመጣች የሸማኔ ሚስት ናት። ባሏ ቀኑን ሙሉ የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ሰዶ ይሸምናል፣ እሷ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ትፈትላለች፣ የሠሩትን ሽሮ ሜዳ ወስደው ይሸጣሉ። ከእኔ አምስት ዓመት ብትበልጥ ነው፤ ምላሷ ግን ሃያ ዓመት ይበልጠኛል።

ምጥ የያዘኝ ዕለት ባለቤቴ ጋራዥ ሥራ ላይ ነበር። ወገቤን የያዘችው፣ ላቤን የጠረገችው፣ «ጩኺ እንጂ፣ ማንን ታፍሪያለሽ!» እያለች ያስጮኸችኝ እሷ ናት። ስለዚህ ልጄ ሴት መሆኗ እንደታየ፣ የክርስትና እናቷ ማን እንደምትሆን ሳንነጋገር ተነጋገርን። በሰማንያ ቀኗ ጎረቤቴ ክርስትና ልታነሳት ቃል ገባች። ለጥምቀቱ ልብስ የሚሆነውን ጥጥም በዚያው ሳምንት በገዛ እጇ መፍተል ጀመረች።

አሁን ወደ ጽጌረዳው። በደጃፌ ግራና ቀኝ ሦስት ጽጌረዳ ነበረኝ፤ ሁለቱ ቀይ፣ አንዱ ነጭ። ለክርስትናው ዕለት ያብቡልኛል ብዬ ስኮተኩት፣ ሳጠጣ፣ ሳነጋግራቸው ሰነበትኩ። ልጄ ሁለት ወር ሲሞላት አንድ ጠዋት ብወጣ፣ የቅጠሎቹ ዳር ዳር ግማሽ ጨረቃ እያስመሰለ ተቆርጧል። አንድ ቅጠል አይደለም፣ ሃያ አይደለም። ልክ አንድ ባለሙያ በመቀስ ጥልፍ ሊያወጣለት የጀመረ ይመስላል። በማግስቱ ባሰ። በሦስተኛው ቀን ነጩ ጽጌረዳ አንገቱን ደፋ።

በዚያው ቅጽበት ዞር ስል የጎረቤቴ ቀይ ዶሮ ከጽጌረዳው ሥር ቆማ አየኋት። መንቁሯን እየጠረገች ነበር። እኔ ደግሞ አራስ ነኝ፣ እንቅልፍ የለኝም፣ ትዕግሥት የለኝም።

«አንቺ! ዶሮሽ ጽጌረዳዬን ጨረሰችው!» አልኩ።

ጎረቤቴ እንዝርቷን ሳታቆም ቀና አለች። «የእኔ ዶሮ ጽጌረዳ አትበላም።»

«ዛሬ ጠይቀሻት ነው?»

«አልጠየቅኋትም፤ አሳዳጊዋ ግን ነኝ። ዶሮዬ ቅጠል ብትፈልግ ጎመን አላት። አንቺ እንኳ ጎመንሽ አልቆብሽ ከእኔ ስትወስጂ ነው የከረምሽው።»

ጎመኗን በማንሳቷ ደሜ ፈላ። እውነት ስለሆነ ይበልጥ ፈላ። በዚያ ጊዜ ስኳርም የሚገኘው ከቀበሌ፣ ቤትም ከቀበሌ፣ ሳሙናም ከቀበሌ ነው፤ ስለዚህ ሰው ሲናደድ እግሩ ራሱ ወደዚያው ይወስደዋል። ልጄን አዝዬ ነጠላዬን አጣፍቼ ቀጥ ብዬ ወደ ቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ሄድኩና ዶሮዋን ከሰስኩ።

የሸንጎው ሰብሳቢ ካኪ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው የሚቀመጡ፣ ሲናገሩ ጠረጴዛውን በእርሳስ የሚመቱ ሰው ነበሩ። ጎረቤቴ ተጠርታ ስትመጣ ዶሮዋን በብብቷ ይዛት መጣች።

«ተከሳሽ ማን ናት?» አሉ ሰብሳቢው።

«ይቻትና» አለች ጎረቤቴ፣ ዶሮዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ። «እኔ ቅጠል አልበላሁም። በልታለች የተባለችው እሷ ናት፤ ይጠይቋት።»

ዶሮዋ በቃለ ጉባኤው ላይ ሁለት እርምጃ ተራመደችና፣ በይፋ መናገር የማልችለውን ነገር አድርጋ ወረደች። ጸሐፊው ገጹን ቀደደ። ሰብሳቢው ይህን እንደ ንቀት ቆጠሩት መሰለኝ፣ ጠረጴዛውን በእርሳሳቸው ሦስቴ መትተው ፈረዱ፦ ዶሮዋ ለአሥራ አምስት ቀን እግሯ ታስሮ ትቀመጥ።

ከቀበሌው ስንወጣ ጎረቤቴ ዶሮዋን አቅፋ በፊቴ አለፈችና ቆመች። ድምፅዋን አላነሳችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«የሌባ ዶሮ ባለቤት ነኝ አይደል? ልጅሽን ለሚታመን ሰው ስጪ። እኔ ክርስትና አላነሳም።»

እኔም አፌ አያርፍምና «ጉለሌ ሙሉ ሴት ነው!» አልኳት። ቤቴ ገብቼ ግን ጉለሌን ሙሉ በልቤ ዞርኩት። ልጄን ላሳቅፋት የምወድ ሌላ አንዲት ሴት አጣሁ።

የባሰው ገና ነበር። ዶሮዋ ታሰረች። በማግስቱ ጠዋት ብወጣ የጽጌረዳው ቅጠል ዳር ዳሩን ተቆርጧል። በሁለተኛው ቀንም። በሦስተኛው ቀንም። ዶሮዋ ጎረቤቴ ቤት ውስጥ ታስራ ድምፅዋ ይሰማል፣ ቅጠሌ ደጅ ላይ ይበላል። ምን አደረግሁ መሰላችሁ? የተበላውን ቅጠል ጎረቤቴ ሳታየው በማለዳ እየተነሳሁ እየቀነጠስኩ እደብቅ ጀመር። ከበላተኛው ይልቅ ጽጌረዳውን ያራቆትኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም።

አንድ ቀን ለአልጫ እርድ ገዛሁ። ገልብጬ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ብዘረጋ፣ ቢጫ በቢጫ ከሆነው ገጽ ላይ እንዲህ የሚል ጽሑፍ አገኘሁ፦ የሥር ነቀዝ የሚባል ተባይ አለ። ከገብስ ፍሬ አይበልጥም፣ መልኩ አፈር ነው። አፉ እንደ ዝሆን ኩምቢ ወደ ፊት ይወጣል። ቀን አፈር ውስጥ ተደብቆ ይውልና ሲመሽ ግንዱን ይዞ ይወጣል እንጂ መብረር አይችልም። የቅጠሉን ዳር በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ይበላል። ሲነኩት ይወድቅና የሞተ ይመስላል። ከእሱ ይልቅ የሚከፉት ልጆቹ ናቸው፤ ራሳቸው ቡናማ፣ ገላቸው ነጭ፣ እግር የሌላቸው ትሎች፤ ከአፈር ሥር ሆነው ሥሩን ይጨርሱታል።

ነቀዝ! እኔ ነቀዝ የማውቀው ባቄላ ውስጥ ነው። ደጅ የወጣ፣ አበባ የሚያማርጥ ዘመድ እንዳለው በምን ልወቅ? ሮጬ ወጥቼ በነጩ ጽጌረዳ ሥር አፈሩን በማንኪያ ብጭር፣ እንደ ሩዝ የነጡ፣ ጥቅልል ብለው የተኙ ትሎች! ራሳቸው ቡናማ! እግር የላቸውም! እንዲህ የተጻፈ ነገር እውነት ሆኖ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ደስ አለኝ። ወዲያው አፈርኩ። ዶሮዋ መንቁሯን ስትጠርግ ያየኋት እነዚህን በልታ ኖሯል።

ወደ ገጹ ተመለስኩ። መጨረሻው እንዲህ ይላል፦ «ይህን ተባይ ለማጥፋት በመጀመሪያ»

አለቀ። ተቀድዷል።

ባለሱቁ ጋ በረርኩ። «አባባ፣ የቀረውን ግማሽ እፈልጋለሁ።»

«የእርዱን?»

«የወረቀቱን።»

«ልጄ፣ እኔ የምሸጠው እርድ ነው።»

«እሺ፣ እርድ ይስጡኝ።»

ሰጡኝ፤ ስለ ንብ እርባታ ሆኖ ተገኘ። ጥቁር አዝሙድ ጠየቅሁ፤ የግመል በሽታ ሆነ። ኮረሪማ፣ ስለ ጉድጓድ ውኃ። እርድ እንደገና፣ ባዶ ገጽ። ባለቤቴ ሳምንቱን ሙሉ አልጫ በላ፤ በአምስተኛው ቀን መሶቡን ከፍቶ አየና «ሆዴ ሳይሆን ዓይኔ ቢጫ ሆነ» አለ። በመጨረሻ ሽማግሌው አዘኑልኝ መሰለኝ ጢማቸውን እያሻሹ አሰቡ።

«የዚያን ዕለት ካንቺ ቀጥላ እርድ የወሰደችው ጎረቤትሽ ናት። ግማሹ እሷ ጋ ነው።»

ከጉለሌ ሰው ሁሉ እሷ ጋ!

ለክርስትናው ስምንት ቀን ሲቀር በሯ ላይ ቆምኩ። ባሏ ሸማ ሊሸጥ ወጥቷል። እሷ ትፈትላለች። ዶሮዋ በአልጋው እግር ታስራ ተቀምጣለች፤ ስታየኝ ፊቷን አዞረች።

«ደህና ዋልሽ?» አልኩ።

«ይመስገን። እስረኛዋን ልትቆጥሪ ነው የመጣሽው?»

«ኧረ አይደለም። እ… ማለቴ፣ ባለፈው እርድ የተጠቀለለበት ወረቀት…»

«አሁን ደግሞ ወረቀትሽን በላሁ?»

«እንዲያው ላየው ፈልጌ ነው።»

በአገጯ ወደ ግድግዳው ጠቆመች። ያኔ የጭቃ ግድግዳችንን ሁላችንም በጋዜጣና በመጽሐፍ ገጽ ነው የምናለብሰው፤ የእሷም ቤት ከወለል እስከ ጣሪያ ወረቀት ነው። የእኔ ግማሽ ገጽ አልጋው አጠገብ፣ ከመሬት ክንድ ያህል ከፍ ብሎ፣ በዱቄት ሙጫ ግጥም ተደርጎ ተለጥፏል። ከነቀዙ ሥዕል ጋር። ተገልብጦ።

ልላጠው ስል «እንዳትነኪው! ግድግዳዬ ይቀደዳል!» አለች። ሌላ ምን አማራጭ አለኝ? ጀርባዬን ወደ ግድግዳው ሰጥቼ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ራሴን በእግሮቼ መካከል አሳልፌ ማንበብ ጀመርኩ። ነጠላዬ ፊቴ ላይ ወደቀ።

እንዝርቱ ቆመ።

«ምን ሆነሻል? ሆድሽን አመመሽ?»

«እያነበብኩ ነው።»

«ሰው የሚያነበው እንዲህ ነው እንዴ? እኔ እኮ ስቀናብሽ ነበር!»

«አንቺ ነሽ እንጂ ገልብጠሽ የለጠፍሽው!»

«አውቄ ነው። ሥዕሉን አታዪውም? ቀና አድርጌ ብለጥፈው ወደ አልጋዬ ሊወጣብኝ ነው። ቁልቁል አድርጌ ወደ መሬት ሰደድኩት።»

ከዚያ በታች ሆኜ ሳቄ መጣ፤ ግን ቁልቁል ተደፍቶ መሳቅ አይቻልም፣ በአፍንጫ ይወጣል። የሚወጣውን ድምፅ ስትሰማ እሷም አፏን በነጠላዋ ያዘች። አልሳቀችም ለመባል ብቻ።

«ድምፅሽን አውጥተሽ አንብቢልኝ እስቲ» አለች።

አነበብኩ። ሲመሽ ከተክሉ ሥር ነጭ ጨርቅ አንጥፎ ግንዱን መነቅነቅ፣ የወደቀውን ለቅሞ ሳሙና ያለበት ውኃ ውስጥ መክተት። ሁለተኛ፣ ግንዱን በጨርቅ አስሮ ጨርቁን የመኪና ግራሶ መቀባት፤ ሊወጣ ሲል እንዲይዘው። ሦስተኛ፣ በሥሩ ዙሪያ ያለውን አፈር ኮትኩቶ…

የሚቀጥለውን ዓይኔ ቀድሞ አይቶታል። ልዝለለው ብዬ አሰብኩ። በቤቱ ውስጥ ማንበብ የምችል እኔ ብቻ ነኝ፤ ብዘለው ማን ያውቃል? ደሙ ሁሉ ጭንቅላቴ ላይ ወርዷል፣ ጆሮዬ ይጮሃል፣ በእግሮቼ መካከል ደግሞ የዶሮዋ ዓይን ልክ ከዓይኔ ፊት ለፊት ነው። ሁለታችንም ተያየን።

«…ዶሮዎችን መልቀቅ» አልኩ።

«እ?»

«ዶሮዎችን መልቀቅ። ትሉን ስለሚበሉት።»

«ድገሚው።»

ደገምኩት።

«አንድ ጊዜ ደግሞ፣ ጮክ አድርገሽ። ጆሮዋ ያልሰማ እንደሆነ» አለች፣ ዶሮዋን እያየች።

ቀና ስል ዓይኔ ጨለመና አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳት፤ ዶሮዋ ታስራ ቅጠሉ መበላቱን፣ እየቀነጠስኩ መደበቄን፣ ትሉን፣ የሳምንቱን አልጫ። ይቅር በይኝ አልኳት። አንዴም አላቋረጠችኝም፤ ለእሷ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

«እኔ ይቅር ብያለሁ» አለች። «ግን የተፈረደባት እሷ ናት። በሰው ፊት ከሰሽ አስፈርደሽባታል፣ በሰው ፊት ታስፈርጂላታለሽ። ያኔ ክርስትናውን አነሳለሁ። የሌባ ዶሮ ባለቤት እየተባልኩ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ይዤ አልቆምም።»

ልክ ናት። ስለዚህ ነቀዙን በሕይወት መያዝ ነበረብን።

እንደመሸ እሷ ጨርቅ አመጣች፤ ያውም ባሏ ከሽመና ገና ያወረደውን ጋቢ። «ጋቢው ይቆሽሻል» ብላት «ዶሮዬ አልቆሸሸችም?» አለችኝ። ከጽጌረዳው ሥር አነጠፍነው። እኔ ፋኖስ ያዝኩ፣ እሷ ግንዱን ነቀነቀች። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ብርሃኑን ባስጠጋው ጋቢው ላይ ስድስት ጥቁር ነገር ተጋድሟል፣ እግሩን ሰብስቦ፣ ድርቅ ብሎ።

«ምንድነው የምትቀብሩት?» አለ ከኋላችን ድምፅ።

ፋኖሱን ወደ ድምፁ አዞርኩ። የሸንጎው ሰብሳቢ ናቸው፤ የዚያን ሳምንት የሰፈር ጥበቃ ተራ የእሳቸው ነበር። በዚያ ዘመን ሁለት ሰው ሲመሽ ጎንበስ ብሎ አፈር ላይ ሲንሾካሾክ ከታየ በጎ አይጠረጠርም።

«እየቀበርን አይደለም፣ እያወጣን ነው ጓድ ሰብሳቢ» አለች ጎረቤቴ። «ሳይፈረድበት ያመለጠዎትን ወንጀለኛ ነው። ይኸው፣ ስድስት ሆኖ።»

ጎንበስ ብለው አዩ። «ይሄ እኮ ሞቷል።»

«አልሞተም» አልኩ። «እያስመሰለ ነው። መጽሐፍ ላይ አንብቤአለሁ።»

«እኔን ነው የሚያታልለው?»

ካኪ ኮታቸውን ሰብሰብ አድርገው ቁጢጥ አሉ። «እስኪነሳ ከዚህ አልንቀሳቀስም።» እኛም ቁጢጥ አልን። ማን ቀድሞ እንደሚሸነፍ የምንጠብቅ ሦስት ትልልቅ ሰዎች፣ አንድ ፋኖስ፣ ስድስት ሬሳ። ጉልበታቸው ሲንቋቋ ይሰማኛል። ብዙ ቆየን። ከዚያ አንዱ ነቀዝ አንድ እግሩን ዘረጋ። ሌላውን ዘረጋ። ኩምቢውን ግራና ቀኝ አዞረና ቀስ ብሎ መንገድ ጀመረ።

«ቁም!» ብለው ጮኹበት።

ነቀዙ ወዲያው እንደገና ሞተ። ልጄ ግን ከቤት ውስጥ ነቅታ ማልቀስ ጀመረች።

ስድስቱን በብርጭቆ ከትተን በወረቀት ከደንን። በማግስቱ ሸንጎው ፊት ቀረብኩ። ሰብሳቢው ዳኛም ምስክርም ሆኑ፤ «በዓይኔ ያየሁት ነው፣ ትእዛዝ ያከብራል» ብለው ቃላቸውን ሰጡ። እኔ ቆሜ፣ «ዶሮዋን ያለ ጥፋቷ ከስሻለሁ፣ ይቅርታ» አልኩ። ጎረቤቴ፣ «ወደ እሷ ዞረሽ» አለች። ወደ ዶሮዋ ዞሬ ደገምኩት። ዶሮዋ በነፃ መለቀቋ ተጻፈ። ጎረቤቴ ግን አልተንቀሳቀሰችም።

«ግልባጭ እፈልጋለሁ። ማኅተም ያለበት።»

በቀሩት ቀናት የገጹን ቃል አንድ በአንድ ፈጸምን። ትርፍ ሳሙና ስለሌለ የልጄን ጨርቅ ያጠብኩበት አረፋ በቃ። ባለቤቴ ከጋራዥ ግራሶ አመጣልኝ፤ ሲመጣ ጨርቁን ሳይሆን ሸሚዙን ቀብቶት ነበር። አፈሩን ኮተኮትኩ፣ ጎረቤቴም ዶሮዋን አምጥታ ገመዱን ፈታችላት። ዶሮዋ መጀመሪያ እኔን አየች። ከዚያ ሥራዋን ጀመረች፤ እግሯን ወደ ኋላ እየወረወረች፣ አፈሩን ፊቴ ላይ እየበተነች፣ አንድ ትል ሳታስቀር። ነጩ ጽጌረዳ ሥሩ አልቆ ኖሮ አልዳነም። ሁለቱ ቀዮች ግን ቅጠል ባይኖራቸውም አንዳንድ እምቡጥ ያዙ።

በክርስትናው ዋዜማ ጎረቤቴ ጠራችኝ። በአንድ እጇ የዱቄት ሙጫ፣ በሌላው ግልባጩን ይዛለች። ከነቀዙ ገጽ በላይ፣ ከራስጌዋ ትይዩ ቦታ አዘጋጅታለች።

«የቱ ነው ወደ ላይ?» አለችኝ።

አሳየኋት።

«ቀና አድርጊልኝ። ይሄ ወደ አልጋዬ ቢወጣ ግድ የለኝም።»

ሌሊቱ ሳይነጋ ተነስታ፣ ራሷ የፈተለችውን ነጭ ልብስ በክንዷ አድርጋ በሬን አንኳኳች። ልጄን ከእጄ ተቀብላ በደረቷ አስጠጋቻትና ዳገቱን ጀመረች። እኔ ከኋላ ተከተልኩ። ዶሮዋ እስከ ግቢው በር ሸኘችንና፣ ሳትታሰር ከጽጌረዳው ሥር ቀረች።